አሮጌ የራዲያተር መስመርን ለአዲስ ቦይለር ማዘጋጀት፦ ከቧንቧው እስከ ጭስ ማውጫው

በዋሽንግተን ዲሲ በፔትወርዝ፣ በብራይትዉድ ወይም በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከድንበሩ ማዶም በታኮማ ፓርክ የቆየ ቤት የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ጋር በየመስኮቱ ሥር የተቀመጡ ከባድ የብረት ራዲያተሮችንና ቤዝመንት ውስጥ የሚያጉረመርም ቦይለር ይረከባል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ ራዲያተሮቹም የቤቱ እኩያ ናቸው። ቦይለሩ ግን በየዘመኑ ሲቀየር ኖሯል። አሁን ተራው የእርስዎ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው።

ብዙ ሰው ቦይለር የሚቀይረው በጃንዋሪ ብርድ፣ ልጆቹን በጃኬት አስተኝቶ፣ መጀመሪያ ስልክ ላነሳው ሠራተኛ በተጠየቀው ዋጋ ነው። በዚያ ሰዓት ቧንቧውን የሚያጥብ፣ የጭስ ማውጫውን የሚመረምር፣ ቤቱ ስንት ሙቀት እንደሚፈልግ የሚያሰላ የለም። አዲሱ ዕቃ በአሮጌው ጭቃ ላይ ይገጠማል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓምፑ ሲነክስ ወይም የቦይለሩ ውስጥ ሲደፈን «ዕቃው ደካማ ነበር» ይባላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው። የዝግጅቱ ዋና መሣሪያ ራሱ አሮጌው ቦይለር ስለሆነ ሥራው መጀመር ያለበት እሱ ገና እየሠራ ሳለ ነው። ከኤፕሪል የተሻለ ወር የለም፤ ማታ ማታ ማሞቂያው ይነሣል፣ ቢጠፋም ማንም በብርድ አይጎዳም።

ከመጀመራችን በፊት ድንበሩን እናስምር። የጋዝ መስመር፣ የጭስ ማውጫና የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ እነዚህን በዩቲዩብ ተምሬ እሠራለሁ የሚል ሰው ቤተሰቡን ለካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ ለሌለው መርዛማ ጋዝ፣ እያጋለጠ ነው። መመርመር፣ መለካት፣ መመዝገብና ውሃ ማፍሰስ ግን ባለቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ባለሙያ ቢቀጥሩ እንኳን ምን እንደሚሠራ ማወቅዎ ዋጋውን ያስተካክለዋል።

ያለዎት የእንፋሎት ነው ወይስ የሙቅ ውሃ?

ሁለቱም ራዲያተር አላቸው፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቦይለሩ ጎን ላይ የውሃውን ልክ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ ካለ፣ ራዲያተሩ ጎን ላይም ሲሞቅ «ሽሽሽ» የምትል ትንሽ አየር ማስወጫ ካለች የእንፋሎት ነው። እንደዚያ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር አይመለከትዎትም። የእንፋሎት ቦይለር መጠን የሚመረጠው በራዲያተሮቹ ድምር ነው፤ አንድ ቧንቧ ብቻ በሚገባበት የእንፋሎት ራዲያተር ላይም የሙቅ ውሃ ቦይለር ቢገጥሙ አይሠራም።

ራዲያተሩ ሁለት ቧንቧ ካለው፣ ጫፉ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚከፈት ማስተንፈሻ ካለው፣ ቦይለሩም ላይ የግፊት መለኪያ ሰዓት ካለ የሙቅ ውሃ ነው። ቀጥለው ቤዝመንት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ይመልከቱ። ውፍረታቸው ሁለትና ሦስት ኢንች ከሆነ መስመሩ መጀመሪያ የተሠራው ያለ ፓምፕ ነው ማለት ነው፤ የሞቀ ውሃ ቀለል ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል፣ በዚሁ ይዞር ነበር። ፓምፑ የተጨመረው በኋላ ነው። ይህ የታሪክ ጨዋታ አይደለም፤ ከታች እንደምናየው በውሃው ብዛትም፣ በላይኛው ፎቅ ሙቀትም ላይ ለውጥ ያመጣል።

ማንም ምንም ከመንካቱ በፊት፦ አስቤስቶስና የእርሳስ ቀለም

የቤዝመንቱ ቧንቧዎች ነጭ ወይም ግራጫ፣ እንደ ካርቶን ውስጠኛ ክፍል ሞገድ ሞገድ ያለ መሸፈኛ ተጠቅልሎባቸው ከሆነ፣ ክርናቸውም ላይ እንደ ጄሶ የደረቀ ነገር ከተለጠፈ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ መሸፈኛ) ነው ብለው ይነሡ። አይቅደዱት፣ አይጥረጉት፣ በቫኩምም አይምጠጡት። ናሙና በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ከተረጋገጠም የሚያነሣው ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው። ዲሲ ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተለው የከተማው የኢነርጂና አካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። «እኔ በነፃ አወርድልዎታለሁ» የሚል የቦይለር ሠራተኛ ቢገጥምዎ ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።

ራዲያተሮቹም በአሜሪካ የእርሳስ ቀለም ለመኖሪያ ቤት ከተከለከለበት ከ1978 በፊት ተቀብተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለማሳመር ብለው በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጓቸው፤ በተለይ ሕፃን በሚድህበት ቤት።

ቤቱ የሚፈልገውን ሙቀት ማስላት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ገንዘቡም ምቾቱም የሚወሰነው እዚህ ነው። አብዛኛው ዋጋ አቅራቢ ወደ ቤዝመንት ይወርድና የአሮጌውን ቦይለር ታርጋ ያነብባል፤ «150 ሺህ ቢቲዩ ነው፣ ያንኑ እናመጣለን» ይላል (ቢቲዩ የሙቀት መጠን መለኪያ ነው፤ ታርጋው ላይ በሰዓት ይቆጠራል)። ያ ቁጥር የተመረጠው መስኮቱ ነጠላ መስታወት፣ ጣሪያውም ባዶ በነበረበት ዘመን፣ ያውም በግምት ላይ ግምት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ከሚያስፈልገው ሁለት እጥፍ የሆነ ቦይለር ቤቱን የተሻለ አያሞቅም። ይነሣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል፤ ጋዝ ይበላል፣ ዕቃውም ቶሎ ያልቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ትልቅ ዕቃ ማለት ጠንካራ ዕቃ ይመስለናል። ቦይለር ላይ ይህ አይሠራም።

ትክክለኛው መንገድ ግድግዳውን፣ መስኮቱንና ጣሪያውን ለክቶ የሙቀት ብክነት ማስላት ነው፤ ባለሙያው ማኑዋል ጄ የሚባለውን ስሌት እንዲሠራ ይጠይቁት። እርስዎ ግን ቀድመው ከጋዝ ሂሳብዎ ላይ ጥሩ ግምት ሊያወጡ ይችላሉ።

በጣም ብርድ በነበረበት ወር ሂሳብ ላይ የተጠቀሙትን ቴርም ያንብቡ፤ 200 ነው እንበል። ከጁላይ ሂሳብ ላይ ደግሞ ለሙቅ ውሃና ለምድጃ ብቻ የሚሄደውን ያገኛሉ፤ 20 እንበል። ለማሞቂያ የሄደው 180 ቴርም ነው። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ስለሆነ ድምሩ 18 ሚሊዮን ይሆናል። አሮጌው ቦይለር ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛውን ወደ ቤቱ አስገብቶ ቀሪውን በጭስ ማውጫ ሰደደው ብንል፣ ቤቱ ያገኘው 13.5 ሚሊዮን ነው።

አሁን የወሩን ብርድ እንለካ። የእያንዳንዱ ቀን አማካይ ሙቀት ከ65 ዲግሪ ፋራናይት በስንት እንዳነሰ ይደመራል፤ ይህ ድምር ዲግሪ ቀን ይባላል፣ በኢንተርኔትም ለየአካባቢው ይገኛል። ለወሩ 850 ሆኖ ካገኙት በ24 ሰዓት ያባዙት፤ 20,400። 13.5 ሚሊዮንን ለዚህ ሲያካፍሉ ወደ 660 ይመጣል። ይኸውም ውጪው አንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ቤቱ በሰዓት የሚያጣው ቢቲዩ ነው። በዲሲ አካባቢ ለስሌት የሚያዘው ከባድ ብርድ በ20 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 7 ገደማ ነው። ከ65 ላይ 20 ሲቀነስ 45፤ በ660 ሲባዛ 30,000 ቢቲዩ ገደማ።

ታርጋው 150 ሺህ፣ ቤቱ የሚፈልገው 30 ሺህ! የእርስዎ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ተያይዘው ከተሠሩ ቤቶች ዳር ላይ ያለ ወይም ለብቻው የቆመ ቤት ከመሐል ቤት ይበልጥ ሙቀት ያጣል። ልዩነቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥ ነው። ጥቂት መጠባበቂያ ይጨምሩ እንጂ እጥፍ አያድርጉት። ነበልባሉን እንደ ብርዱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ቦይለር ከሆነ ደግሞ ከከፍተኛው ቁጥር ይልቅ ዝቅተኛውን ይጠይቁ፤ እስከ 8,000 የሚወርድ ቦይለርና 30,000 ላይ የሚቆም ቦይለር በኅዳር ለብ ባለ ቀን የሚያሳዩት ጠባይ አንድ አይደለም።

ራዲያተሮቹን መቁጠር

ቀጣዩ ሥራ ሜትርና ደብተር ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ነው። የእያንዳንዱን ራዲያተር ቁመት፣ ጎን ለጎን የተደረደሩትን ክፋዮች ቁጥርና አንዱ ክፋይ ከጎን ሲታይ ያሉትን ቋሚ አምዶች ብዛት ይመዝግቡ። ለእነዚህ ዕቃዎች የቆየ የስኩዌር ፉት ሠንጠረዥ አለ፦ ለምሳሌ ባለ ሦስት አምድና 38 ኢንች ቁመት ያለው ራዲያተር አንዱ ክፋይ 5 ስኩዌር ፉት ይቆጠራል። ዐሥር ክፋይ ካለው 50 ይሆናል። በውስጡ የሚዞረው ውሃ በአማካይ 170 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን አንዱ ስኩዌር ፉት በሰዓት 150 ቢቲዩ ይሰጣል፤ 130 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 70 ገደማ።

የቤትዎ ራዲያተሮች ድምር 400 ስኩዌር ፉት ነው እንበል። በ170 ዲግሪ ውሃ 60,000 ቢቲዩ ይሰጣሉ፤ ቤቱ የሚፈልገው ግን 30,000 ነው። ስለዚህ በዓመቱ ቀዝቃዛ ቀን እንኳን ከ130 ብዙ ያልዘለለ ውሃ ይበቃል ማለት ነው። ይህ ግኝት የቦይለሩን ዓይነት ይመርጥልዎታል።

ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በአሜሪካ የሚመረት የቤት የጋዝ ሙቅ ውሃ ቦይለር ብቃቱ ቢያንስ 84 በመቶ እንዲሆን ግዴታ ነው። ተራው ካስት አይረን (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ቦይለር እዚያ አካባቢ ይቆማል። ኮንደንሲንግ የሚባለው ከ90 በመቶ በላይ የሚደርሰው በጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ ቀይሮ ሙቀቱን በመንጠቅ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ130 ዲግሪ (54 ሴልሺየስ) በታች ሲሆን ነው። ተራው ቦይለር ተቃራኒ ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ ከተመለሰበት ጭሱ ውስጡ ላይ ይንጠባጠብና ብረቱን ይበላዋል። ወፍራም ቧንቧና ብዙ ውሃ ያለው አሮጌ መስመር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ይመልሳል። ስለዚህ አንዱን የሚገድለው ጠባይ ለሌላው ሲሳይ ነው። ተራውን ቦይለር ከመረጡ የሚመለሰውን ውሃ የሚያሞቅ ማደባለቂያ መስመር ወይም ቫልቭ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ መጻፉን ያረጋግጡ።

በነገራችን ላይ ለብ ባለ ውሃ የሚሠራ ራዲያተር ሲነኩት አያቃጥልም፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይቀዘቅዝም። የእንጀራ ሊጥ አጠገቡ የሚያስቀምጡ ሰዎች ለውጡን ከሁሉም ቀድመው ያውቁታል።

ቫልቮችና አየር

ቦይለሩ እየሠራ እያንዳንዱን ራዲያተር ከላይ እስከ ታች በእጅዎ ይዳስሱ። ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ አየር ይዟል፤ ያስተንፍሱት። መግቢያው ሞቆ ቀሪው ከቀዘቀዘ ውሃው አይዞርም ማለት ነው፦ ቫልቩ ተዘግቶ ወይም ውስጡ ተደፍኖ። ሁሉንም በደብተሩ ላይ ያስፍሩ።

የእጅ ቫልቮቹን ትንሽ ዞር ዞር አድርገው ይሞክሩ። የማይንቀሳቀስ ካለ አያስገድዱት፤ መቶ ዓመት የኖረ ብረት በመዶሻና በረጅም መፍቻ ከተሰበረ ጥገናው ከቫልቩ በላይ ነው። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብተው አንድ ቀን ያቆዩት። ከእጀታው ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዳዶውን ሩብ ዙር ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ያቆመዋል፤ ካላቆመ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ገመድ ይቀየራል። ራዲያተሩን ራሱን ለማንሣት አይሞክሩ፤ ትልልቆቹ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፣ ወለሉንም ወገብንም ይጎዳሉ።

ፓምፕ በኋላ በተጨመረባቸው ቤቶች አንድ የታወቀ ችግር አለ። ያለ ፓምፕ በሚዞርበት ዘመን የሞቀው ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ ስለሚሮጥ፣ እሱን ለመግታት አንዳንድ ሠራተኞች በላይኛዎቹ ራዲያተሮች ቫልቭ ውስጥ መሐሉ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብረት ያስገቡ ነበር። ፓምፕ ሲመጣ ያ ብረት ሳይወጣ ይቀራል፤ ከታች ያሉት ይሞቃሉ፣ ላይ መኝታ ቤት ያለ ሰው ይንቀጠቀጣል። ላይኛው ፎቅዎ ሁልጊዜ የሚበርድ ከሆነ ይህን ለባለሙያው ይንገሩት። ተጨማሪ ራዲያተር ከመሸጡ በፊት ቫልቩን ከፍቶ ይይ።

ማጠብ

የመጀመሪያውን ባልዲ ውሃ ሲያፈስሱ አይደንግጡ፤ እንደ ጀበና አተላ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። ጥቂት በነጭ ሳህን ላይ ያስቀምጡና ከሳህኑ ሥር ማግኔት ያዙሩበት። ጥቁሩ ደቃቅ ማግኔቱን ተከትሎ ከሄደ የብረት ዝገት ነው። የአዲሱ ቦይለር ውኃ መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ይህ ደቃቅ እዚያ ይጋገራል፤ የዘመኑ ፓምፖችም ውስጣቸው ማግኔት ስላለ ወደ ራሳቸው ይስቡታል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

1. የቦይለሩን የኤሌክትሪክ ማጥፊያና የጋዝ መዝጊያውን ይዝጉ። ሌሊቱን ያሳድሩት። በሞቀ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ካስት አይረኑ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህን አይርሱ።
2. ከከተማው ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቫልቭ ይዝጉ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ በማፍሰሻው ላይ አስረው ወደ ወለል ፍሳሹ ይዘርጉ። ማፍሰሻውን ይክፈቱ፤ ከዚያ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ማስተንፈሻዎቹን ይክፈቱ፣ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም።
3. ባዶ ሲሆን ማስተንፈሻዎቹንና ማፍሰሻውን ይዝጉ። ከመሙላትዎ በፊት ወደ ውሃ ቆጣሪው ሄደው ቁጥሩን ይጻፉ፤ በቤቱ ውስጥ ሌላ ቧንቧ እንዳይከፈት ለቤተሰቡ ይንገሩ። ሞልተው፣ አየሩን ከታች ፎቅ ጀምረው ወደ ላይ እያስወጡ ሲጨርሱ ቆጣሪውን እንደገና ያንብቡ። ቆጣሪው በኪዩቢክ ፉት ከሆነ ልዩነቱን በ7.48 ያባዙ። 12 ኪዩቢክ ፉት ከሆነ 90 ጋሎን ውሃ አለዎት ማለት ነው።
4. ለካስት አይረን ራዲያተርና ለመስመሩ ብረቶች የሚስማማ የማጠቢያ ኬሚካል በዚሁ መጠን ተለክቶ ይገባል። አሮጌው ቦይለር ይነሣና በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት፣ ሙቅ ውሃውን ያዞራል። አሮጌው ቦይለር ከቦታው ሳይወጣ መሥራት ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ኬሚካሉ በሙቅ ውሃ ይሻላል፣ የሚላቀቀውም ጭቃ የሚያልፈው በሚጣለው ዕቃ ውስጥ ነው።
5. እንደገና አቀዝቅዞ ማፍሰስ። ከዚያ ሌሎቹን ራዲያተሮች ዘግቶ አንዱን ብቻ ከፍቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ ወደሚቀጥለው። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ።

በኃይለኛ ማሽን የሚደረግ እጥበት አለ። ቀጭን ቧንቧ ላላቸው አዳዲስ ቤቶች ጥሩ ነው፤ ለመቶ ዓመት መስመር ግን እኔ አልመርጠውም። አንዳንዱ የቆየ መገጣጠሚያ የሚይዘው በዝገቱ ነው፤ በረጋ ፍሰት ብዙ ጊዜ ማጠብ ይሻላል። እንደ ምንጭ ውሃ መጥራት አለበት ብሎም መታገል አያስፈልግም፤ የቀረውን ማጣሪያው ይይዘዋል።

የተደበቀ ፍሳሽ መፈለግ

ከእጥበት በኋላ መስመሩን ሞልተው፣ አየሩን ጨርሰው፣ ማሞቂያው በማይነሣበት በሜይ ወር የውሃ መግቢያውን ቫልቭ ይዝጉት። ቦይለሩም እንዳይነሣ ማጥፊያውን ያጥፉ። ጠዋት የግፊቱን ሰዓት አንብበው ቀንና ቁጥር ይጻፉ። ጤነኛ መስመር ለሳምንታት እዚያው ይቆማል። ግፊቱ ከ15 ተነሥቶ በሳምንት 9 የገባ መስመር የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

ይህ ፈተና ለምን አስፈለገ? በተለመደው ጊዜ መግቢያው ክፍት ስለሆነ የፈሰሰው በዝምታ ይሞላል፤ ማንም አያይም። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ግን አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ ኦክስጅን ሲገባ ዝገት ይወለዳል። የዚያ ሁሉ ጥቁር ውሃ አባት ይህ ነው። ፍሳሹ ሳይገኝ አዲስ ቦይለር መግጠም ያጠቡትን መልሶ ማቆሸሽ ነው። የቫልቮችን ሥር፣ የራዲያተሮቹን መገጣጠሚያ፣ ከእነሱ በታች ያለውን ኮርኒስ ለቡናማ ክብ ምልክት ይመልከቱ።

ግፊቱ ስንት ይሁን? ከሰዓቱ እስከ ከፍተኛው ራዲያተር አናት ያለውን ቁመት በፉት ለክተው ለ2.31 ያካፍሉ፤ 4 ፒ ኤስ አይ (ሰዓቱ ላይ የተጻፈው የግፊት መለኪያ) ይጨምሩ። 25 ፉት ከሆነ 15 ገደማ ነው። የግፊት መቀነሻው ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 12 ላይ ስለሚቆም ለሦስት ፎቅ ቤት ላይበቃ ይችላል፤ ላይኛው ራዲያተር አየር እየያዘ የሚያስቸግርዎት በዚህ ሊሆን ይችላል።

የመስፋፊያ ታንክ

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ የ30 ፒ ኤስ አይ የደኅንነት ቫልቭ ይከፈታል። በድሮው መስመር ታንኩ ጣሪያ ሥር ክፍት ሆኖ ወይም ቤዝመንት ውስጥ በኮርኒሱ እንጨቶች መሐል የተንጠለጠለ የብረት በርሜል ሆኖ ይገኛል። አዲሱ ውስጡ ጎማ ያለው ዝግ ታንክ ነው። ጣሪያ ሥር ያለው ክፍት ታንክ ከመስመሩ ተቆርጦ ቧንቧው መታሸጉን ያረጋግጡ። የቆጣሪው ሥራዎም እዚህ ይከፍልዎታል፤ ነጋዴው «ለቤት ይህች ትበቃለች» ብሎ የሚያመጣት ትንሿ ታንክ ለ90 ጋሎን ላትበቃ ትችላለችና ቁጥሩን ይስጡት። የብረት በርሜሉን ለማቆየት ከወሰኑ ደግሞ በመስመሩ ላይ ራሱ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ አይገጠም፤ የበርሜሉን አየር ቀስ በቀስ ያስወጣውና በርሜሉ በውሃ ይሞላል።

የጭስ ማውጫውና የተተወው የውሃ ማሞቂያ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። አሮጌው ቦይለርና የገላ ውሃ ማሞቂያው አንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ይጋራሉ። ኮንደንሲንግ ቦይለር ሲመጣ ጭሱን በፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳ በኩል ያስወጣል፤ ትንሹ የውሃ ማሞቂያ ለብቻው በዚያ ሰፊ ጭስ ማውጫ ይቀራል። ጭሱ ጉድጓዱን ለማሞቅ አይበቃም። ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል፣ ጡቡን ይበላል፤ ሲብስም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ቤዝመንት ይመለሳል። ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከራይ ወይም ከአገር የመጣ ዘመድ ይተኛል።

መፍትሔው በጭስ ማውጫው ውስጥ ለማሞቂያው ልክ የሆነ የብረት ቱቦ ማውረድ፣ ወይም የውሃ ማሞቂያውን አብሮ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ወይም ጭሱን በራሱ ማራገቢያ በሚያወጣ መቀየር ነው። የቦይለር ዋጋ ሲያቀርቡልዎ «የውሃ ማሞቂያውስ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለውን ሰው አይቅጠሩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ፣ ከመኝታ አጠገብ መኖሩንም አሁኑኑ ይመልከቱ።

አዲሱ ቧንቧ የሚወጣበትን ግድግዳ ቀድመው ይምረጡ። የመሐል ቤት ያለው የፊትና የኋላ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከመስኮት፣ ከበርና ከጎረቤት ወሰን የሚርቅበት ልክ በቦይለሩ መመሪያና በሕጉ ላይ ተጽፏል። እንደ ካፒቶል ሂልና ማውንት ፕሌዘንት ባሉ ታሪካዊ ሰፈሮች ከፊት የሚታይ ለውጥ ለብቻው ሊጠየቅበት ይችላል። ኮንደንሲንግ ቦይለር አሲድነት ያለው ውሃም ያንጠባጥባል፤ በኖራ ድንጋይ ጠጠር በተሞላ ማጣሪያ አልፎ ወደ ፍሳሽ መውረድ አለበት። በአቅራቢያው የወለል ፍሳሽ ከሌለ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል።

ስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ዲሲ ውስጥ ፈቃዱ የሚወጣው ከከተማው የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት ነው። በሜሪላንድ በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ የጋዝና የቧንቧ ሥራን የሚቆጣጠረው ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ዋተር ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ቤቱን ሲሸጡ ወይም ኢንሹራንስ ሲጠይቁ ይወጣል። አገር ልጅ ነው ብለው በቃል አይስማሙ፤ አገር ልጅነቱ በዋጋው ላይ ይታይ እንጂ በወረቀቱ ላይ አይቅር።

በወረቀቱ ላይ እነዚህ በስም ይኑሩ፦ የሙቀት ብክነቱ ስሌት፣ ከቦይለሩ በፊት በሚመለሰው ውሃ ላይ የሚቀመጥ የማግኔት ማጣሪያ፣ አየር መለያ፣ ማጣሪያውንና ፓምፑን ውሃ ሳያፈስሱ ለማውጣት የሚያስችሉ መዝጊያ ቫልቮች፣ የቦይለሩ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ፣ የውጪውን ብርድ አይቶ የውሃውን ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ፣ የጋዝ መስመሩ የግፊት ፈተና፣ የአሮጌው ቦይለር ማንሣትና መጣል። የውጪውን ሙቀት የሚያነብበው መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ዕቃው ካርቶን ውስጥ ይኖራል፤ ሠራተኛው ሽቦ ላለመዘርጋት እዚያው ይተወዋል። ካርቶኑ ከመጣሉ በፊት ይፈትሹ።

ከተከላው በኋላ ያለው የመጀመሪያ ወር

መስመሩ ሲሞላ የዝገት መከላከያ ይጨመርበታል። አንዳንድ ቦይለር ውስጡ አልሙኒየም፣ አንዳንዱ አይዝጌ ብረት ነው፤ ኬሚካሉ ከዚያ ጋር መስማማቱን ጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። የገባበትን ቀንና መጠን በወረቀት ጽፈው ቦይለሩ ላይ ይለጥፉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አየር ይንኮሻኮሻል፤ ፓምፑን አጥፍተው ራዲያተሮቹን ደጋግመው ያስተንፍሱ፣ ግፊቱንም ይመልከቱ። በሳምንቱ የማግኔት ማጣሪያው ይከፈት፤ ወፍራም ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ተለጥፎበት ያገኙታል። ይጠረግ። በወሩ እንደገና ይከፈት። እየቀነሰ ከመጣ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ሞልቶ ከተገኘ የሆነ ቦታ አዲስ ውሃ እየገባ ነውና የመግቢያውን ቫልቭ ዘግተው የሰዓቱን ቁጥር ጠዋት ጠዋት እንደገና መመዝገብ ይጀምሩ።